የላፕቶፖቻችን ባትሪ ለምን ቶሎ ያልቃል?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



እኛ የሒሳብ ክፍል ሰዎች እዚህ ስንቆም ብዙ ጊዜ የምናነብላችሁ የቁጠባ፣ የብድርና የወለድ ቁጥር ነው። ዛሬ ግን የምንነግራችሁ ስለ ላፕቶፕ ባትሪ ነው። "ይኼ ደግሞ የእኛ ጉዳይ ነው ወይ?" የምትሉ እንደምትኖሩ እናውቃለን። የእናንተም ጉዳይ ነው። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ከይቅርታ መጀመር አለብን።

ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ፣ የብድር ክፍያ በምንሰበስብበት ቀን፣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ላፕቶፑ ቻርጁ ሙሉ ስለነበር ቢያንስ እስከ 7 ሰዓት ያደርሰናል ብለን ሥራችንን ቀጠልን። እናቶች ከገበያ መልስ እየገቡ ይከፍላሉ፣ እኛ ደረሰኝ እየቆረጥን ወደ ኮምፒውተሩ እናስገባለን። 5 ሰዓት ገደማ ላፕቶፑ ምንም ሳያስጠነቅቅ ጠፋ። ሳናስቀምጣቸው የቀሩ ክፍያዎች አብረውት ጠፉ። መብራት ሲመጣ ከደረሰኝ ቅጂው ላይ እያየን መልሰን አስገባን። ሁለት ቅጠል ተጣብቆ አንዱን አለፍነው፤ እኛም አላስተዋልንም።

በሚቀጥለው ስብሰባ ክፍያ ያላጠናቀቁ አባላት ስም ዝርዝር ሲነበብ የአንዲት እናታችን ስም ተጠራ። ብድር ወስደው አንድም ቀን አሳልፈው የማያውቁ እናት ናቸው። ብድግ አሉና ደረሰኛቸውን ከመቀነታቸው ፈትተው አሳዩን። መዝገቡን እዚያው አስተካከልን። ይሁን እንጂ በጉባኤ ፊት "አልከፈለችም" ተብሎ የተጠራ ስም መዝገብ ስለታረመ ብቻ አይመለስም። ይህን ታሪክ በእሳቸው ፈቃድ ነው የምንናገረው። ስሕተቱ የእኛ እንጂ የእሳቸው እንዳልነበረ ዛሬ በሁላችሁም ፊት ደግመን እንናገራለን፤ ይቅርታም እንጠይቃለን።

ከዚያ ቀን በኋላ እርስ በርሳችን "ላፕቶፑ ለምን በሁለት ሰዓት ጠፋ?" ብለን መጠያየቅ ጀመርን። መልስ ሰጪው ብዙ ነበር። አንዱ "አርጅቷል፣ ጣሉት" አለን። ኮምፒውተር የሚማር የአባላችን ልጅ "ባትሪውን የሚበላው ዊንዶውስ ነው፣ ሊኑክስ ብትጭኑበት እጥፍ ይቆያል" አለን። አንድ ጠጋኝ ደግሞ "ሊኑክስማ ባሰ፣ ባትሪ የሚጨርሰው እሱ ነው" አለ። ሦስቱም በልበ ሙሉነት ነው የተናገሩት። እኛ ግን ሒሳብ በወሬ አይዘጋም ብለን ለመለካት ወሰንን።

ልኬቱን ከመንገራችን በፊት ሁለት ነገር እናብራራ።

ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚባለው ኮምፒውተሩ ሲከፈት መጀመሪያ የሚነሣውና ሌላውን ፕሮግራም ሁሉ የሚያስተዳድረው ዋና ፕሮግራም ነው። ዊንዶውስ አንዱ ነው። የአፕል ኮምፒውተሮች የሚሠሩበት ማክ ኦኤስ ሌላው ነው። ሊኑክስ ደግሞ ማንም ያለ ክፍያ ሊጭነው የሚችል ነው፤ ኡቡንቱና ሊኑክስ ሚንት ከሊኑክስ ዓይነቶች መካከል ናቸው።

ሁለተኛው የባትሪ ሒሳብ ነው። ይህ ለእኛ ማኅበር አባል አይከብድም፣ የቁጠባ ሒሳብ ነውና። ባትሪው የያዘው ኃይል በዋት-ሰዓት ይለካል፤ እሱ ተቀማጭ ነው። ላፕቶፑ በየሰዓቱ የሚፈጀው በዋት ይለካል፤ እሱ ወጪ ነው። 40 ዋት-ሰዓት የያዘ ባትሪ 10 ዋት ለሚፈጅ ላፕቶፕ 4 ሰዓት ያገለግላል። ወጪውን ወደ 8 ዋት ብናወርደው 5 ሰዓት ይሆናል። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ በዚህ ሒሳብ ውስጥ ገንዘብ ያዥ ነው። ገንዘብ ያዥ ተቀማጭ አይፈጥርም። ወጪው በአግባቡ እንዲወጣ ማድረግ ወይም እንዲባክን መተው ግን ይችላል።

አሁን ወደ ልኬቱ እንምጣ። አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት አሮጌ ላፕቶፖች አሉን። በአንዱ ላይ ዊንዶውስ እንዳለ ተውነው፣ በሌላው ላይ ሊኑክስ አስጫንን። በሁለቱም ላይ የስክሪኑን ብርሃን ግማሽ አድርገን፣ ቻርጀሩን ነቅለን፣ ተመሳሳይ የደረሰኝ ማስገባት ሥራ ሠራን። ዊንዶውስ ያለበት 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ቆየ። ሊኑክስ የተጫነበት 4 ሰዓት ቆየ። ልጁ እውነቱን ነው ብለን ደስ አለን። ለሥራ አመራር ኮሚቴውም "ሁሉንም ወደ ሊኑክስ እንቀይር" የሚል ደብዳቤ ጽፈን ነበር።

ደብዳቤውን ከመስጠታችን በፊት አንዲት ባልደረባችን "ሁለቱ ላፕቶፖች የጀመሩበት ተቀማጭ እኩል ነው ወይ?" ብላ ጠየቀች። አላየንም ነበር። ዊንዶውስም ሊኑክስም የባትሪውን ጤና የሚያሳይ ዘገባ ያወጣሉ። በዘገባው ላይ ሁለት ቁጥር አለ፤ ባትሪው አዲስ ሳለ የሚይዘውና ዛሬ ሲሞላ የሚይዘው። የሁለቱም ላፕቶፕ ባትሪ አዲስ ሳለ 48 ዋት-ሰዓት ይይዝ ነበር። ዛሬ ግን ሊኑክስ የጫንንበት 38፣ ዊንዶውስ ያለበት 27 ብቻ ነው የሚይዙት። አንዱ በ38 ብር፣ ሌላው በ27 ብር ገበያ ወጥተው "ማን ብዙ ቀን ቆየ?" እንደማለት ነው። ሒሳብ ተምረን ይህን መሳታችን አሳፈረን፤ ደብዳቤውንም ቀደድነው።

ከዚያ ልኬቱን እንደ አዲስ ጀመርን። በዚህ ጊዜ 27 የሚይዘውን አንዱን ላፕቶፕ ብቻ ወስደን ሁለቱንም ኦፐሬቲንግ ሲስተም በእሱ ላይ አስጫንን። ሲከፈት አንዱን መርጦ መግባት ይቻላል። ባትሪው አንድ፣ ስክሪኑ አንድ፣ ሥራው አንድ ሆነ። እያንዳንዱንም ሁለት ሁለት ጊዜ ለካን። የተገኘው ይህ ነው፦

ዊንዶውስ እኛ ስንጠቀምበት በቆየነው ሁኔታ፣ 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ።
ሊኑክስ እንደተጫነ፣ ምንም ሳይነካ፣ 2 ሰዓት ከ50 ደቂቃ።
ዊንዶውስ ከተጸዳና ከተስተካከለ በኋላ፣ 3 ሰዓት።
ሊኑክስ ከተስተካከለ በኋላ፣ 3 ሰዓት ከ10 ደቂቃ።

እናቶቻችን፣ ቁጥሮቹን ልብ በሉ። በተስተካከለው ዊንዶውስና በተስተካከለው ሊኑክስ መካከል ያለው ልዩነት 10 ደቂቃ ነው። በተዝረከረከው ዊንዶውስና በተጸዳው ዊንዶውስ መካከል ያለው ግን 50 ደቂቃ ነው። ስለዚህ ልጁም ጠጋኙም ሙሉ በሙሉ ትክክል አልነበሩም። ያዝረከረክነው እኛ ነን።

ምን ነበር ያዝረከረክነው? ሁለት አንቲቫይረስ አንድ ላይ ይሠሩ ነበር፤ ሁለቱም የከፈትነውን ፋይል ሁሉ እየተሻሙ ይመረምራሉ። ኮምፒውተሩ ሲነሣ አብረው የሚነሡ፣ ማንም የማይጠቀምባቸው ፕሮግራሞች ነበሩ። ኢንተርኔት መክፈቻው ላይ ከሃያ በላይ ገጾች እንደተከፈቱ ይውላሉ። ኃይል ቆጣቢው ጠፍቶ ነበር። ዊንዶውስ ይህን ቆጣቢ ባትሪው 20 በመቶ ሲደርስ በራሱ ያበራዋል፤ እኛ ግን በእጃችን ቀድመን ልናበራው እንችል ነበር። የአንድ ጠዋት ሥራ ነው የወሰደብን።

ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ በምን በኩል ነው ወጪውን የሚነካው? ዋናው ነገር ፕሮሰሰሩን ማስተኛት ነው። የኮምፒውተር ፕሮሰሰር ሥራ ሲያጣ በሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ እንቅልፍ ይወስደዋል፤ በተኛ ጊዜ የሚፈጀው በጣም ጥቂት ነው። ከጀርባ የሚሠራ ፕሮግራም በየጊዜው ከቀሰቀሰው ግን አያርፍም። ቤት ውስጥ ሕፃን አስተኝቶ በየደቂቃው በር እንደማንኳኳት ነው። ሁለተኛው ድራይቨር የሚባለው ነው፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ከስክሪኑ፣ ከዋይፋዩና ከግራፊክስ ካርዱ ጋር የሚነጋገርበት ትንሽ ፕሮግራም። ላፕቶፕ አምራቾች አብዛኛውን ጊዜ ይህን የሚያዘጋጁት መጀመሪያ ለዊንዶውስ ነው። በአንዳንድ ላፕቶፖች ላይ ሊኑክስ ባትሪ ይጨርሳል የሚባለው ብዙውን ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው። በተለይ ተጨማሪ የግራፊክስ ካርድ ያላቸው ላፕቶፖች ላይ ካርዱ ሳያስፈልግ እንደበራ ሊቀር ይችላል። የእኛ ላፕቶፖች ያ ካርድ ስለሌላቸው ችግሩ አልገጠመንም። ስለዚህ ጠጋኙ ያየው ነገር ሊኖር ይችላል፤ የእኛን ላፕቶፕ ግን አላየም።

ሦስተኛው ቪዲዮ ነው። ቪዲዮን ለዚያ ሥራ በተሠራው የቺፑ ክፍል ማጫወት ጥቂት ኃይል ይፈጃል። ያ ክፍል በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ወይም በኢንተርኔት መክፈቻው ካልተጠራ ዋናው ፕሮሰሰር ሁሉን ይሸከማል፣ ላፕቶፑም ይግላል፣ ባትሪውም ይሮጣል። ልጆቻችሁ በላፕቶፕ ትምህርት በቪዲዮ የሚከታተሉ ከሆነ ይህ ይመለከታችኋል።

ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ በላይ ቺፑ ራሱ ምን ያህል እንደሚወስን የሚያሳይ አንድ የታወቀ ምሳሌ እናንሣ። አፕል በ2020 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ማክቡክ ኤር የተባለውን ላፕቶፑን ሁለት ጊዜ አወጣ። የመጀመሪያው የኢንቴል ቺፕ፣ ሁለተኛው ኤም 1 የተባለውን የራሱን ቺፕ የያዘ ነበር። የሁለቱም ባትሪ 49.9 ዋት-ሰዓት ነው። ኩባንያው ራሱ በሰጠው መግለጫ መሠረት የመጀመሪያው ኢንተርኔት ለመጠቀም እስከ 11 ሰዓት፣ ሁለተኛው እስከ 15 ሰዓት ይቆያል። ተቀማጩ አንድ ነው፤ ወጪው ግን ወረደ። እንዲህ ያለ ላፕቶፕ የመግዛት አቅም የለንም፤ ነገር ግን "ኦፐሬቲንግ ሲስተም ቀይረን የአሥር ሰዓት ላፕቶፕ እናገኛለን" ብለን እንዳንጠብቅ ያስተምረናል።

ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ የባትሪው እርጅና ነው። 48 ይይዝ የነበረው ዛሬ 27 ነው የሚይዘው። ያንን የሄደውን 21 ዊንዶውስም ሊኑክስም አይመልሱትም። በተጸዳው ዊንዶውስ ላይ ወጪያችን 9 ዋት ያህል ነው። ባትሪው አዲስ ቢሆን ያው ላፕቶፕ ከ5 ሰዓት በላይ ይቆይ ነበር። ያን ቅዳሜ ሳያስጠነቅቅ የጠፋውም ለዚህ ነው፤ ያረጀ ባትሪ በስክሪኑ ላይ ቀሪ እያሳየ ድንገት ሊወድቅ ይችላል።

እንግዲህ የእኛ ሒሳብ መዝጊያ ይህ ነው። አንደኛ የባትሪው ጤና፣ ሁለተኛ የእኛ አያያዝ፣ ሦስተኛ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ። ብዙ ሰው የሚከራከረው በሦስተኛው ላይ ነው።

ታዲያ ኦፐሬቲንግ ሲስተም መቀየር አያስፈልገንም ማለት ነው? ያስፈልገናል፤ ግን በሌላ ምክንያት። የያዝነው ዊንዶውስ 10 ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ለግለሰብ ተጠቃሚዎች የአንድ ዓመት ማራዘሚያ አዘጋጅቷል፤ ማራዘሚያ ግን ማራዘሚያ ነው። ወደ ዊንዶውስ 11 ለመሻገር ላፕቶፑ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕ፣ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራምና 64 ጊጋባይት ማከማቻ ይፈልጋል፤ ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ ደግሞ በአብዛኛው 8ኛው ትውልድና ከዚያ በኋላ የወጣ መሆን አለበት። ሁለቱ አሮጌ ላፕቶፖቻችን ይህን አያሟሉም። ሦስተኛው፣ አዲሱ፣ ያሟላል። የእናንተ የቁጠባ መዝገብ ማሻሻያ በማያገኝ ኮምፒውተር ላይ ሆኖ ኢንተርኔት እንዲገባ አንፈልግም።

ሁሉንም ወደ ሊኑክስ እንዳናዞር ደግሞ ፒችትሪ አለብን። አብዛኞቻችን የሒሳብ ባለሙያዎች ኮሌጅ የተማርነው፣ ኦዲተሮቻችንም የሚያውቁት እሱን ነው። ፒችትሪ የሚሠራው በዊንዶውስ ላይ ነው። በሊኑክስ ውስጥ ሌላ ዊንዶውስ አስቀምጦ በእሱ ማሠራት ይቻላል፤ ያ ግን ሁለት ቤት በአንድ ደመወዝ ማስተዳደር ስለሆነ ያተረፍነውን ባትሪ ይበላዋል።

ስለዚህ ለኮሚቴው ያቀረብነውና የጸደቀልን ውሳኔ እንዲህ ነው። አዲሱ ላፕቶፕ ወደ ዊንዶውስ 11 ይሻገራል፣ ፒችትሪም በእሱ ላይ ይቆያል። ሁለቱ አሮጌዎች በሊኑክስ ይሠራሉ፤ የቅዳሜ ክፍያ መቀበያ ሠንጠረዡን በሊብሬኦፊስ እንይዛለን፣ እሱም የኤክሴል ፋይል ይከፍታል። ለሁለቱ አዲስ ባትሪ ይገዛል። ሦስት አዲስ ላፕቶፕ የመግዛቱን ሐሳብ ትተነዋል።

በየቤታችሁ ላፕቶፕ ላላችሁ እኅቶች ጥቂት ምክር እንስጥ። ባትሪ ሲያጥር መጀመሪያ የጤናውን ዘገባ አሳዩን፤ ሳታዩ ገንዘብ አታውጡ። የስክሪኑን ብርሃን ቀንሱ፤ ብዙ ኃይል ከሚፈጁት አንዱ እሱ ነው። የማትጠቀሙበትን ፕሮግራም ዝጉ። ላፕቶፑን ከከሰል ምድጃ አጠገብ፣ ፀሐይ ላይ፣ ወይም ፍራሽ ላይ አታስቀምጡ፤ ሙቀት ባትሪን ያስረጃል። ሁልጊዜ ቻርጀር ላይ ተሰክቶ የሚውል ላፕቶፕ 80 በመቶ ላይ መሙላቱን እንዲያቆም የሚያደርግ ማስተካከያ ካለው አብሩት። መብራት ሲሄድ ቻርጀሩን ንቀሉ፤ ተመልሶ ሲመጣ ኃይሉ እስኪረጋጋ ጠብቁና ስኩ። ሥራ ሲያበቃ ክዳኑን ብቻ አትዝጉ፣ አጥፉት፤ ክዳኑ ተዘግቶ የሚያድር ላፕቶፕ ሌሊቱን ሙሉ ትንሽ በትንሽ ይፈጃል።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ትሕትና የተሞላበት ጥያቄ አለን። የለገሳችሁን ላፕቶፖች እስከ ዛሬ እየሠሩልን ነው፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ወደፊት ያገለገለ ላፕቶፕ ስትልኩልን የባትሪውን ጤና ዘገባና ዊንዶውስ 11 መቀበል አለመቀበሉን አብራችሁ ብትጽፉልን ለየትኛው ሥራ እንደምናውለው ቀድመን እናውቃለን። አንዳንድ ጊዜ ከአንድ አዲስ ላፕቶፕ ይልቅ ሁለት ባትሪ ይበልጥ ይጠቅመናል።

በመጨረሻ ወደዚያች ቅዳሜ እንመለስ። ባትሪው 5 ሰዓት ይቆይ 10፣ አንድ ቀን ማለቁ አይቀርም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የቀየርነው አሠራራችንን ነው። አሁን ሠንጠረዡ በየ5 ደቂቃው በራሱ እንዲቀመጥ ተደርጓል። በየቅዳሜው ሥራ ሲዘጋ የደረሰኙ ቁጥር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተራ በተራ ከኮምፒውተሩ ጋር ይመሳከራል፤ አንድ ቁጥር ከጎደለ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ያልከፈሉ አባላት ዝርዝርም ከዛሬ ጀምሮ በጉባኤ ላይ ከመነበቡ በፊት ለየአባሏ በግል ይነገራል፤ ደረሰኝ ካላት ታሳየናለች።

ይህን የመጨረሻውን ሐሳብ ያቀረቡልን እኚያው ስማቸው በስሕተት የተጠራው እናታችን ናቸው። ደረሰኛቸውን ባያስቀምጡ ኖሮ እኛ ኮምፒውተሩን አምነን እሳቸውን ሳናምን እንቀር ነበር። ስለዚህ እናቶቻችን፣ ደረሰኛችሁን አትጣሉ። ላፕቶፕ ባትሪው ያልቃል፤ መቀነት ውስጥ ያለ ወረቀት ግን መብራት አይፈልግም።